በጋዜጣ የተጠቀለለው መጽሐፍ

ልብስ ሰፊው አባ መቀስ በእጃቸውም በምላሳቸውም ይቆርጣሉ፤ ቅጽል ስሙም የወጣላቸው ለዚሁ ነው። ያን ቀን ግን አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው አንድ ወፍራም መጽሐፍ በጋዜጣ ሲጠቀልሉ፣ ከኋላቸው የሚያውቁት ድምፅ ሰሙ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ?»

አስተማሪ የሆነችው ልጃቸው ናት። ከሁለት ወር በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ እንደምትሄድ ስትነግራቸው፣ ሱፍ ሊለካ በቆመ ደንበኛ ፊት «ልጄ አብዳለች!» ብለው ስቀውባታል። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠችም። አሁን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ።

«ምን ገዙ?»

«ለ... ለደንበኛ ነው» አሉ።

ልጅቷ ጋዜጣውን በቀስታ ገለጠችው። ስለ ጥልቅ ሥነ ልቦና የተጻፈ፣ ሺህ ገጽ የሚያህል መጽሐፍ ነው። ከሥሩ አንዲት ትንሽ የህልም ፍቺ መጽሐፍ ተደብቃለች።

«ይህን ለምን መረጡ?»

«ወፍራም ነዋ! ጨርቅም የሚበረክተው ወፍራሙ ነው። ደግሞስ በዚህ ዕድሜ የሆድን ነገር ከመጽሐፍ መማር ነውር አይደለም? ገበና በጓዳ ነው፣ ልጄ።»

«ለጀማሪ ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ሱፍ ይሰጣሉ?»

«ጨርቁን ላስፈጅ ነው? ቁልፍ ነው የማስተክለው።»

«እንግዲያው እርስዎም ከቁልፍ ይጀምሩ» አለችና ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወረደች። «ይኼ ከባዱን ቃል እየፈታ ይሄዳል። ጸሐፊው ሰዎችን ሲያክም የኖረ ነው፤ የማያውቀውንም አላውቅም ይላል። ወፍራሙ ይደርሳል።»

«ህልም ፍቺዋስ? ጥርስህ ሲወልቅ ካየህ ትርጉሙ ይኼ ነው ትላለች፤ አለቀ ደቀቀ።»

«እሷ ተሰፍታ የተሰቀለች ልብስ ናት፤ ለሁሉም አንድ ልክ። ይኼኛው አስቀድሞ ባለ ህልሙን ይጠይቃል።»

«ይለካል በይኛ!» አሉ፤ ለአፍታ ኀፍረታቸውን ረሱት።

ልጅቷ መሐል ላይ ገለጠችና «ጥላ ስለሚሉት ነገር እዚህ ያስረዳል። በራሳችን ላይ ማየት የምናፍረውን ሌላ ሰው ላይ እናየዋለን» አለቻቸው።

አባ መቀስ ዐይናቸውን ከወለሉ ሳያነሡ፣ «እናትሽ ካረፈች ጀምሮ በእንቅልፌ እጮኻለሁ። አብጄ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ፍርሃቴን ነው አንቺ ላይ የለጠፍኩት፤ አፈርኩ» አሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በቅጡ የተመረጠ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ሐኪም አይሆንም፤ የታመመው ግን «አመመኝ» የሚልበትን ቃል ይሰጠዋል፤ ቤተሰቡም የታመመውን ከመሳደብ ይድናል።

ቀጭኑን መጽሐፍ ገዝተው፣ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሲወጡ፣ በር ላይ ከዚያው ከባለ ሱፉ ደንበኛ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«አባ መቀስ፣ ምን ይዘዋል?»

እጃቸው መጽሐፉን ይዞ ወደ ኮታቸው ውስጥ ሊሸሽ ቃጣው። መለሱት።

«የሥነ ልቦና መጽሐፍ ነው፤ ልጄ ናት የመረጠችልኝ። ያን ዕለት በፊትዎ አብዳለች ያልኩት ውሸት ነበር። የታመምኩት እኔ ነኝ።»

ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘች። በዚያው ወደ ቤት አብራቸው ሄደች።