የዕውቀት ቅርጫ

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. የገና ዕረፍት ሊያልቅ ሲል፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው የእንጦጦ ዳገት ላይ የመንጠልጠያ ሚዛን በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አስሬ፣ የእንጨት ተሸካሚ ሴቶችን ሸክም እመዝን ነበር። በዩኒቨርሲቲ የምማረው ስለ ሠራተኞች ኑሮ ነውና፣ ሸክሙ በእነዚህ ሴቶች ሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማጥናት የዓመቱ ሥራዬ ነው። እትዬ ኢፍቱ የተባሉ ሴት እንጨታቸውን አውርደው ሲሰጡኝ፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ከአጠገባችን ቆሙ።

«ልጄ፣ እንጨቱን ልትገዢው ነው?» አሉኝ።

«አይ አባቴ፣ ልመዝነው ብቻ ነው።»

«ሳትገዢ ትመዝኛለሽ?» ወደ እትዬ ኢፍቱም ዞሩ። «አንቺስ ሳትሸጪ ታስመዝኛለሽ? በጤናችሁ ነው የዋላችሁት?»

እትዬ ኢፍቱ ሳቁ። «ተዉአት አቶ በዳዳ! የእንጨቱን ዋጋ እንጂ የአንገቴን ሕመም የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም።» ይህን ብለው መርቀውኝ፣ ሸክማቸውን መልሰው አዝለው ቁልቁለቱን ወረዱ።

አቶ በዳዳ ግን አልሄዱም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው አንድ የከበዳቸው ጉዳይ እንዳለ ተረዳሁ።

«ተማሪ ከሆንሽ እንግዲህ አንቺው ፍረጂኝ» አሉ። «ልጄን ጂቱን ከማረሻ ትሽሽ ብዬ ትምህርት ቤት ሰደድኋት። ሐኪም ወይም ዳኛ ትሆናለች ስል፣ እርሻ ኮሌጅ ገባች! በደጅ ያስወጣኋት ልጅ በጓሮ ዞራ ማረሻው ዘንድ ተመለሰች። ነገ ወደ ኮሌጇ የምትመለስበት ቀን ነው፤ እኔ ግን አትሄድም ብያለሁ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

ደነገጥሁ። አይቻት የማላውቃት፣ እንደ እኔው ተማሪ የሆነች ልጅ ዕጣ በእኚህ ሰው ቃል ላይ ተንጠልጥሏል፤ እኔም በአጉል አነጋገር በሩን እንዳልዘጋባት ፈራሁ።

«ጓደኞችሽስ ምን ይማራሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ወንድይራድ የሚባለው ምህንድስና ይማራል። ከልዩ ልዩ አፈር ጡብ እየሠራ ይሰብራል።»

«ሠርቶ ይሰብራል?»

«የትኛው አፈር ምን ያህል ክብደት እንደሚችል ለማወቅ ነው።»

«በእኛ ቤት እንዲህ የሚያደርግ ልጅ ይገረፋል። ሌላስ?»

«ሸዋረጋ የገንዘብ አያያዝ ታጠናለች። ገበሬው ገብሱን በጥር በርካሽ ሸጦ፣ በነሐሴ በውድ መልሶ የሚገዛው ለምን እንደሆነ ትመረምራለች።»

«ለግብር መክፈያና ለልጆች ልብስ መግዣ ነዋ! ሚስቴን ብትጠይቃት ባንድ ቀን ባስመረቀቻት!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዕውቀትን እንደ ቅርጫ ሥጋ ቆራረጣችሁት። ለአንዱ ጭቃ፣ ለአንዷ ገበያ፣ ላንቺ ደግሞ የኢፍቱ አንገት! ይህ ለማን ይበጃል?»

«አባቴ፣ በሬ ለብቻው የሚያርድ ጎረቤት አለዎት?»

«የለም። ቅርጫ የምንገባው ለዚህ አይደል?»

«ዕውቀትም ለአንድ ሰው አቅም ከበሬ ይከብዳል። ስንካፈለው ግን ከየቤቱ ይደርሳል።»

ፈገግ አሉ፤ ሆኖም አልተረቱም። «አነጋገሩስ አምሯል። እኔ ግን እርሻን ከአባቴ ተምሬአለሁ። ጂቱ ከዚህ ሌላ ምን ልታውቅ ነው?»

«ገብስዎ ዘንድሮ እንዴት ሆነ?»

«ከዓመት ዓመት ዛላው ያጥራል፤ ፍሬው ይቀጥናል። መሬቱ ደከመ።»

«ለዘር የሚያስቀሩት የትኛውን ነው?»

«እንደ አገሩ ነዋ። ጎላ ጎላ ያለው ለገበያና ለበዓል ይወጣል፤ ከወንፊት የወረደው ለዘር ይቀመጣል። አፈር ለሚበላው ምን ያማረ ይሰጡታል?»

«ጊደርዎንስ ከየትኛው ኮርማ ያስጠቃሉ?»

«ከደኅናው ነዋ! ከኮስማና ኮርማ ደኅና ጥጃ የሚጠብቅ ሞኝ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ጢማቸውን ሲያሻሽ የነበረው እጃቸው ቆመ። 

«ሰሞኑን አውድማ ላይ ሳለን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጂቱ፣ ‹አባባ፣ ጎላ ያለውን ለዘር እንተወው› ብላኝ ነበር። ልጅ አባቷን ዘር ልታስተምር ነው ወይ ብዬ በሰው ፊት አዋረድኋት። ኮሌጁን የጠላሁት ያን ጊዜ ነው።»

«መሬቱም ደክሞ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የእርሻ ተማሪ አይደለሁምና አላውቅም። ፈትሻ የምትነግርዎ እርሷ ናት። ዘሩን ጂቱ ብታሻሽል፣ እርጥበት የማያስገባ ጎተራ ወንድይራድ ቢሠራ፣ ገብሱ እስከሚወደድ የሚያቆይዎትን የቁጠባ ማኅበር ሸዋረጋ ብታስብ፣ ተጠቃሚው የእርስዎ ቤት ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ጆንያውን ማን በምን አንገት እንደሚሸከመው እጠይቃለሁ።»

ከልባቸው ሳቁ። ከዚያም ተነሡ። «ነይ አብረሽኝ ውረጂ። ለብቻዬ ከሆንሁ አንደበቴ ይያዛል።»

ቤታቸው ስንደርስ ጂቱን ከተዘጋው ሳጥኗ አጠገብ ተቀምጣ አገኘናት። አባቷም በሰው ፊት ያዋረዷትን በሰው ፊት ለማንሣት ጎረቤታቸውን አቶ ገበየሁን ጠሩ። «ጂቱ፣ ዘሩን አንቺ ለዪ» አሏት። «የጎላውን።»

እንባዋን እየጠረገች፣ «ነገሳ አባባ?» አለች።

«ነገማ በቅሎዋ ሳጥንሽን ትጭናለች! ገብሱ ሌላ ቀን ገበያ ይወጣል።»

በሰኔ ጂቱ ለዕረፍት ስትመለስ አቶ በዳዳ ራሳቸው፣ «ግማሹን ማሳ በጎላው፣ ግማሹን በቀጭኑ እንዝራና እንየው» አሉ። ልጠይቃቸው ሄጄ ምርምር የሚባለው ይኸው እንደሆነ ስነግራቸው፣ «ተይ እባክሽ!» ብለው አፈሩ። በኅዳር ሁለቱን የማሳ ክፍሎች በዓይኔ አየሁ፤ የጎላው ዘር ዛላ ከቀጭኑ ዘር ዛላ ረዝሞና ከብዶ አጎንብሶ ነበር። ያን ቀን፣ ምን እንደምንማር በቅጡ ሳያውቁ አምነው ለላኩን ወላጆች ሁሉ ያለብኝ ምስጋና በሙሉ ትርጉሙ ገባኝ።

አቶ ገበየሁም ቁና ይዘው ዘር ሊለምኑ መጡ።

«ከጎላው ውሰድ» አሏቸው አቶ በዳዳ። «ምስጋናውን ግን ለእኔ አታድርገው። ለጂቱ ደብዳቤ አስጽፈህ ላክላት።»