የሐጂ ሰይድ ሁለት ድስት

ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ አሮጊትና አንድ ጥምጥም ያሰረ ነጋዴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

«ሐዘን ላይ ነዎት፣ እናቴ?»

«ከሐጂ ሰይድ ሰደቃ ነው የምመጣው።»

«ሐጂ ሞቱ? ኢና ሊላሂ! ዘመድዎ ነበሩ?»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ልጄ። ባሌ ሲሞት ልጆቼን ያበሉልኝ እሳቸው ናቸው።»

«ከሳቸው ቤት ሥጋ ትበሉ ነበር?»

«እንዴታ! በስመ አብ ብሎ የሚባርክልን፣ የሚያርድልን ክርስቲያን ነበራቸው። ድስቱም ቢላውም ለብቻ። የዓርቡን ሰደቃ እንኳ ለእኛ ጾም ብለው ወደ ቅዳሜ አዞሩት።»

«የዛሬውስ ሰደቃ?»

«ልጃቸው በሐዘን ናላው ዞሮ፣ በሬዎቹን ሁሉ በእስላም አሳረደ። እኛ ጾማችንን ተቀመጥን። ጥሎ የሄደ ግን የለም።»

«ወይ ጉድ!»

«ሚስታቸው አዩና፣ እያለቀሱ ተነሡ። ‹ሰይድ ዛሬ እንግዳ ያስርባል?› አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ባራኪውን አስጠርተው፣ የምትታለብ ላማቸውን አወጡልን።»

እኔም በዚያ ቤት አንድ ቀን የቀረበልኝን ወጥ፣ ሥጋውን ማን እንዳረደው እንኳ ሳልጠይቅ፣ የእስላም ነው ብዬ ገፍቼ መነሣቴ ትዝ ብሎኝ፣ ሞጆ እስክንደርስ ፊቴን ከመስኮቱ አልመለስኩም።