ከቤት እስከ ባሕር ብቻ የሄደችው መኪና

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁና ሰው ሲሳሳት አይቼ ዝም ማለት አልችልም። አመል ነው። አንድ ዓርብ ጠዋት ግን ከኒዝዋ ከተማ የፍየል ገበያ ጀርባ፣ ያገለገሉ መኪኖች በሚሸጡበት ሜዳ ሳልፍ፣ ከእኔ የተሻለች አስተማሪ አገኘሁ።

የድሮ ጎረቤቴ ሼኽ ኸልፋን ከወንድማቸው ልጅ ከሸምሳ ጋር ቆመዋል። ሸምሳ ኮሌጅ ገብታ የመኪና ጥገና የተማረች ልጅ ናት። ሰላምታ ተለዋውጠን ስለ ቤተሰብ ስጠይቅ ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ።

"ባለቤቴ ዙወይና ኩላሊቷ ደክሟል፣ መምህር። በሳምንት ሦስት ቀን ከተራራው ወርዳ ሆስፒታል ኩላሊቷን መታጠብ አለባት። የሰው መኪና እየለመንኩ ሁለት ቀን አመለጣት፤ ልትሞትብኝ ነበር። ከመስኖ ቦያችን ከፈለጁ የውሃ ድርሻዬን ግማሹን ሸጬ መጣሁ። ከእንግዲህ የምሸጠው የለኝም።"

ባለ ሁለት ዲፍረንሻል ነጭ መኪና አሳዩኝ። ታበራለች። ቆጣሪዋ ሰማንያ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል፤ ዋጋዋ አራት ሺህ ሪያል። ሻጩ ሐሙድ የሚባል የሱወይቅ ዓሣ አጥማጅ ነው።

"ወላሂ፣ ከቤቴ እስከ ባሕር ብቻ ነው የሄደችው" አለ ሐሙድ።

"ሰማሽ?" አሉ ሼኹ ወደ ሸምሳ ዞረው። "ከቤት እስከ ባሕር! ሥራ ያልነካት ሙሽራ እኮ ናት። አንቺ ግን ያቺን አሮጊት ታሳዪኛለሽ።"

አሮጊቷ አጠገቧ የቆመችው ግራጫ ናት። አራት መቶ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ ሦስት ሺህ ሪያል ይሉባታል። ሸምሳ የዘይትና የጥገና መዝገቧን በእጇ ይዛለች።

"አጎቴ፣ ዘይቷ በየጊዜው ተቀይሯል። ሁሉም እዚህ ተጽፏል።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!"

ሳቅን። እሷም ሳቀች፤ ግን ከሐሳቧ አልተመለሰችም።

"ይሁን፣ ሞኝ ነኝ። የነጯን ሥር ልይና እንሂድ።"

"ተይ! ሰውዬው ምሎ ሳለ ሥሯ ገብተሽ ልትመረምሪ? ውሸታም ነህ ማለት አይደለም እንዴ? በእኛ ዘመን ቃል ከተሰጠ አለቀ!"

እውነቱን ልናገር፤ እኔም እንደሳቸው ነው ያደግኩት። የማለ ሰው ዕቃ ሲፈተሽ ማየት ያሳፍረኛል። ስንቱን ቤት ያፈረሰው ግን ይኸው እፍረት ነው።

"አጎቴ፣ ቅድም ፍየል ሲገዙ አፏን ከፍተው ጥርሷን አላዩም?"

"አየሁ።"

"ባለቤቷ ተቀየመዎት?"

"ምን አስቀየመው! ፍየል ሳይታይ ይገዛል እንዴ?"

"ታዲያ አክስቴን ፍየሏ ላይ ነው የሚጭኗት?"

ሸምሳ ወደ ዓሣ አጥማጁ ዞረች። "ጋሼ ሐሙድ፣ መኪናዋ ባሕሩ ዳር ምን ትሠራ ነበር?"

"ጀልባ እንጎትትባታለን። ኋላዋን ውሃ ውስጥ አስገብተን እናወጣለን።"

"በየቀኑ?"

"ዓሣ ዓርብ ያርፋል እንዴ፣ ልጄ?"

ሐሙድ ራሱ ፈቀደላት። ምንጣፍ አንጥፋ ሥሯ ገባች። ካቻቢቴዋን ሻንሲው ላይ ስትጫነው ቅርፍት ብሎ ገባ። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ከላይ የምታበራው መኪና ከታች በጨው ተበልታለች። ሐሙድ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ወላሂ አላወቅኩም! ልጆቼን ነው እኮ የምጭንባት!"

ሼኽ ኸልፋን ትከሻውን ያዙት። "አልዋሸህም፣ ወንድሜ። እንዳልከው ከቤት እስከ ባሕር ብቻ ነው የሄደችው። ግን ቁልቁለቱ ላይ ለሁለት ብትቆረጥብኝ፣ እኔ እስክሞት ሐሙድ ውሸታም ነው ስል እኖር ነበር። ይቺ ልጅ የሚስቴን ነፍስም ያንተንም ስም አዳነች።"

ከዚያ ወደ ግራጫዋ ሄድን። ባለቤቷ በሙስካትና በሰላላ መካከል መድኃኒት ያመላልስባት ነበር፤ እዚህ ላይ የእኔ ትምህርት ገባ፤ "አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ለጥ ያለ አስፋልት!" አልኩ። ሸምሳ ግን ለእሷም አላዳላችም። ንዝረት የሚያበርዱት ሾኮቹ ሞተዋል፤ የውሃ ፓምፑ ያንጠባጥባል። የማሠሪያውን ሦስት መቶ ሃምሳ ሪያል ከዋጋው ላይ አስቀነሰች፤ ባለቤቱም ጉድለቱን በዓይኑ ስላየ አልተከራከረም።

"አየህ፣ መምህር" አሉኝ ሼኹ ሲከፍሉ፤ "ስንት ሄደች ብሎ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ኖሯል። የት ሄደች፣ ማን ያዛት? እሱ ነው ዋናው። መርምሮ የገዛ ሰው ገንዘቡም ይተርፋል፣ ከሻጩም ጋር አይጣላም።"

እኔም ለሚሰማኝ ሁሉ ይኼንኑ እላለሁ፦ መሐላን አክብሩ፣ ሥሩንም እዩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስድስት ወር ሆነው፤ ዙወይና አንድም የሕክምና ቀን አልቀረባትም። ሰሞኑን ልጠይቃት ሄጄ ሐልዋ ቀርቦልን ስንጫወት፣ ሼኹ ያን ቀን አሮጊት ብለው መኪናዋን እንዴት እንደናቋት አጫወትኳት። ወደ ባሏ ዞር አለችና፣

"ብዙ ሄደች ብለህ ልትተዋት ነበር?" አለች። "እኔስ ስልሳ ሦስት ዓመት ሄጄ የለም? ተውከኝ እንዴ?"