የትርንጎ መቃብር

(የወይዘሮ ትርንጎ ማድ ቤት፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፤ ታናሽ ወንድሟ ልሳነወርቅ፣ ጀርመን አገር የታወቀ ደራሲ የነበረና ዛሬ የአካባቢ ጥበቃ ፖለቲከኛ የሆነ፣ ክራቫቱን እያጠበቀ በሩ ላይ ቆሟል።)

ትርንጎ፦ በዚህ ቤት ያላችሁም የሌላችሁም ስሙ! ጎመኑ በስሏል። በል ፈረንጆችህን ጥራ።

ልሳነወርቅ፦ ለምርጫዬ ፊልም ከሾፌሩ ጋር ሰፈሩን ሊቀርጹ ወጥተዋል። እታለም፣ ሳይመለሱ ቁርጡን ንገሪኝ። ትያለሽ ወይስ አትይም?

ትርንጎ፦ ምኑን? አክስቱ ነኝ ማለቱን? ሽበቴን አይተህ ነው?

ልሳነወርቅ፦ ለዛሬ ብቻ። ካሜራው እስኪጠፋ።

ትርንጎ፦ እህቱ ነኝ ብልስ? ጀርመን እህት ያለው ሰው አይመረጥም?

ልሳነወርቅ፦ ይመረጣል። ብቻ መጽሐፌ ላይ እህቴ… አታድግም።

ትርንጎ፦ አጭር ናት?

ልሳነወርቅ፦ ትሞታለች እታለም። በልጅነቷ። ደኑ ተጨፍጭፎ ምንጩ ይደርቃል፤ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ሄዳ ገደል ትገባለች።

ትርንጎ፦ የትኛው ምንጭ?

ልሳነወርቅ፦ የኛው።

ትርንጎ፦ ታዲያ ይሄ ጎመን በምን ታጥቦ ነው?

ልሳነወርቅ፦ ልብ ወለድ ነዋ! ደራሲ ይገድላል።

ትርንጎ፦ ይግደል። ስም ግን ከራሱ ያውጣ። ትርንጎ ብለሃታል እኮ።

ልሳነወርቅ፦ ሌላ ስም አልመጣልኝም። ደግሞ እውነት ነው ልል አላሰብኩም ነበር። አዳራሽ ውስጥ ሳነብ አንዲት ሴትዮ እያለቀሰች «ይህች ልጅ ማን ናት?» አለችኝ። ሰው ሁሉ አፌን አፌን ያየኛል። «እህቴ ናት» አልኩ።

ትርንጎ፦ ከዚያስ?

ልሳነወርቅ፦ ፓርቲው ጠራኝ። ስለ ደን፣ ስለ ውሃ አንተ ተናገርልን አሉ። መድረኩ ሲበዛ መጻፉን ተውኩት። ምክር ቤት ገባሁ። ግን በከንቱ አይደለም እታለም! ወንዝ የሚበክል ፋብሪካ አዘግቻለሁ። ዓሣው ተመልሷል።

ትርንጎ፦ ዓሣው ተመለሰ፣ እኔ ቀረሁ።

ልሳነወርቅ፦ እንደሱ አትበይ። ምርጫው ደርሷል። ይሄ ነገር ከወጣ እኔ ብቻ አይደለሁም የምወድቀው፤ የሠራነው ሁሉ ውሸት ነው ይባላል።

ትርንጎ፦ እኔ ምን አወጣለሁ? እስከ ዛሬስ መቼ አወጣሁ?

ልሳነወርቅ፦ እስከ ዛሬ? ታውቂ ነበር እንዴ?

ትርንጎ፦ የጎረቤቴ ልጅ እዚያው አገርህ ነርስ ናት። ለዕረፍት መጥታ እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። ቀብሬ ላይ ስትደርስ እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

ልሳነወርቅ፦ ስደውልልሽ ምነው ዝም አልሽኝ?

ትርንጎ፦ «ደህና ነሽ ወይ?» ትላለህ፤ «ደህና ነኝ» እላለሁ። ሬሳ ሌላ ምን ይላል?

ልሳነወርቅ፦ በይ ስደቢኝ። ይገባኛል።

ትርንጎ፦ መድረክ ላይ ስለኔ ስታለቅስ ከልብህ ነው?

ልሳነወርቅ፦ መጀመሪያ አልነበረም። በኋላ ግን… ከልቤ ነው።

ትርንጎ፦ እማዬ ስትቀበር የት ነበርክ?

ልሳነወርቅ፦ ስብሰባ ላይ።

ትርንጎ፦ የምን ስብሰባ?

ልሳነወርቅ፦ ስለ አንቺ እየተናገርኩ ነበር።

ትርንጎ፦ …እሺ። አክስትህ ነኝ። ጥራቸው፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል።

ልሳነወርቅ፦ ኑሪልኝ እታለም! አበባውን አኑረው ይመለሳሉ።

ትርንጎ፦ የምን አበባ?

ልሳነወርቅ፦ የአበባ ጉንጉን ይዘው መጥተዋል። ለመቃብሩ። ደብዛው ጠፍቷል ብላቸው ሾፌሩ ሰው ጠይቄ አገኘዋለሁ አለ።

ትርንጎ፦ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው?

ልሳነወርቅ፦ «የልሳነወርቅ እህት፣ የትርንጎ መቃብር የት ነው?» ብሎ ነዋ።

ትርንጎ፦ ዝም በል እስቲ። ይሰማሃል?

ልሳነወርቅ፦ ጡሩንባ ነው። ማን ሞቶ ነው?

ትርንጎ፦ የእድራችን ጡሩንባ ነው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከማድ ቤት አልወጣሁም። አንተ ከባሕር ማዶ ድንገት ከች ብለሃል። ፈረንጅ አበባ ታቅፎ መቃብሬን እየፈለገ ነው። ሰዉ ማን ሞተ ይበል?

ልሳነወርቅ፦ ወይ ጉዴ! ድንኳን ተሸክመው እየመጡ ነው። ሴቶቹ ስምሽን እየጠሩ ደረታቸውን ይደቃሉ። ካሜራው ከኋላቸው ነው! እታለም፣ ምን ልበላቸው?

ትርንጎ፦ እኔ ሞቻለሁ፣ ምን አገባኝ። ለቀስተኛ የሚቀበለው ወንድም ነው፤ ውጣ።