«ዶክተር የምትሆኚው መቼ ነው?»

ሲስተር ሩሃማ ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስታመራ ዲላ መናኸሪያ በር ላይ ከሐጂ ነጅሙዲን ጋር ተገጣጠመች። ሐጂ የሦስት ሚኒባሶች ባለቤት ናቸው። ልጃቸው ሱራያ ከወር በፊት በቀዶ ሕክምና ወልዳ የተኛችው ሩሃማ በምትሠራበት የሆስፒታል ክፍል ነበር።

«ልጄ፣ ዶክተር የምትሆኚው መቼ ነው?» አሏት ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

ሩሃማ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትጠየቅ ኖራለች። «ሐጂ፣ እኔ እኮ ዶክተር ለመሆን ተራ እየጠበቅሁ አይደለም። ነርስ ነኝ።»

«አትቆጪ እንጂ! ጎበዝ ስለሆንሽ ነው። ዕድሜ ልክ መርፌ ሲወጉ ይኖራል? ዶክተር ጋዲሳን እይው፤ ልጄን ከሞት አፍ አወጣት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ፈገግ ብላ ታልፍ ነበር። ያን ቀን ግን ጠዋት አንድ አስታማሚ «ካንቺ ጋር ወሬ የለኝም፣ ዶክተሩን ጥሪልኝ» ብሏት ስትብሰለሰል ነው የዋለችው።

«አዎ፣ አድኗታል። ማን ጠርቶት መጣ?»

ሩሃማ መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ሱራያ የወለደች ጊዜ ዶክተሩ ጠዋት ሲያያት ደህና ነበረች። ከሰዓት በኋላ ውሃ ውሃ ማለት አበዛች፤ ላብ አጠመቃት፣ መኝታዋ ላይ ተቁነጠነጠች። የልብ ምቷ ይሮጣል፤ የደም ግፊቷ ግን ገና አልወረደም። ውስጧን እየደማች እንደሆነ ጠረጠርኩ። ዶክተሩ ‹ጠዋት እኮ አየኋት› ሲለኝ ‹አሁኑኑ ይምጡ› አልኩት። እርስዎስ ምን ብለውኝ ነበር?»

«ልጅቷን አትነካኪያት፣ ትተኛበት» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

ጥያቄው ሩሃማን ነካት። እርሷም ብትሆን የሱራያ መዝገብ ላይ «ለሐኪም ተነግሯል» ከማለት በቀር ያየችውንም የጠረጠረችውንም አልጻፈችም።

«እኛ ነርሶችም ጥፋት አለብን። ራሳችንን እንደ ተላላኪ ቆጥረን ዝም እንላለን። ሐኪሙ አይቶ ይሄዳል፤ እኛ ከበሽተኛው አጠገብ እንውላለን። ለውጡን ቀድሞ ማየት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ሐጂ፤ ተምረነዋል።»

ሐጂ ወደ ቆሙት መኪኖች ተመለከቱ። «መኪናዬን የሚጠግነው መካኒኩ ነው። ድምፁ መለወጡን ቀድሞ የሚሰማው ግን ሾፌሩ ነው። እስከ ዛሬ ሾፌሩን ዝም በል ስል ነበር ማለት ነው።»

ከዚያም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ካልሲያቸውን አወለቁ። «ስኳር አለብኝ። ይህችን የእግሬን ቁስል ከሐዋሳ ለሚመጣው ትልቅ ሐኪም ብዬ ነው ያቆየኋት። እስቲ እይልኝ።»

«ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ሐጂ!» ጮኸች ሩሃማ። «ይነሡ፣ አሁኑኑ!»

ሐጂም ሳይከራከሩ ወደ ሆስፒታሉ ተከተሏት። ቁስሉ ወደ አጥንት ሳይዘልቅ ስለተደረሰበት እግራቸው ተረፈ። በማግስቱ ዶክተር ጋዲሳ የሐጂን መዝገብ ሲገልጥ የቁስሉን ስፋት፣ ሽታውንና የሩሃማን ጥርጣሬ ከነፊርማዋ ተጽፎ አገኘው፤ የመድኃኒቱንም ነገር ከእርሷ ጋር ተማክሮ ወሰነ። ነርስ ያየችውን ስትናገር፣ ሐኪም ሲሰማት፣ አስታማሚም ሲያምናት ጥቅሙ ለበሽተኛው ነው። ሐጂ ነጅሙዲን ዛሬ በሁለት እግራቸው መናኸሪያ ይውላሉ።