የታጠፈው የመብራት ምሰሶ

— ሄሎ... አቤት ወንድሜ። አዎ፣ ጠዋት የደወልኩልህ እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ነህ?... እንግዲያው እስቲ ወጣ በልና አውራኝ።

— ደህና ናት፣ እማዬ ደህና ናት። አትደንግጥ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነኝ፣ እሷም እዚሁ ናት... ቆይ፣ ምንም አይሰማኝም። ጋሼ፣ ማሽኑን ለአፍታ ያቁሙልኝ፣ ከወንድሜ ጋር እያወራሁ ነው... እግዜር ይስጥልኝ። ሄሎ? አሁንስ ትሰማኛለህ?

— በያጁ ናቸው። የድሮዎቹን የመንገድ መብራቶች እየጠገኑ ነው... የእኛ ሰፈር መብራቶች ናቸዋ፣ እነዚያ ፋኖስ የሚመስሉት። መንገዱ ላይ አዲስ ሲተከል፣ ለቁራጭ ብረት ከሚሄዱ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ለምኖ ወሰዳቸው። ከበሩ እስከ ደረጃው ግራና ቀኝ ቆመዋል። አንተ የት መጥተህ ታያቸዋለህ።

— ኧረ አልወቀስኩህም። ልነግርህ የፈለግሁት... አንደኛው ወገቡ ላይ ታጥፏል።

— አዎ። እሱ ነው። ያን ቀን መኪናው የመታው። አባባን ያጣንበት... አዎ፣ እሱው ነው።

— ቆይ፣ አትዝጋው። ስማኝማ። እኔም አላወቅሁትም ነበር፤ ስንቱን እሑድ በአጠገቡ አልፌያለሁ። የጥገናውን ነገር ቤተ ክርስቲያኑ ለእኔ ሰጥቶኛል፤ ዛሬ በያጁ «ይሄን ላቃናው ወይስ እንዳለ ቀለም ልቀባው?» አሉኝ። «ያቃኑት» ልል አፌን ስከፍት እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። «ልጄን ሳትጠይቂ አይነካም» አለች።

— አንተን ነዋ። ሌላ ወንድ ልጅ የላትም።

— ታውቃለች። ምሰሶዎቹ ከመጡ ጀምሮ ታውቃለች። ጸሎት አልቆ ሰው ሲወጣ ወደ ኋላ የምትቀረው ለካ እሱ ጋ ለመቆም ነው። እኔ ደግሞ ጉልበቷን አሟት መስሎኝ።

— «ይነቀል»?... ገባኝ። እኔም ባንተ ቦታ ብሆን እንደዚያ እል ነበር። ግን እሷ ያለችኝን ልንገርህ፣ ከዚያ የፈለግከውን በል።

— ያን ቀን አባባ ራሱ ሊነዳ ነበር። ደክሞት ስታየው፣ «ተወው፣ ልጁ ይንዳ፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣው ለጌጥ ነው?» ያለችው እሷ ናት። እየሳቀች ነው ያለችው... እኔም ዛሬ ገና ነው የሰማሁት። እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለችም።

— አይደለም፣ ጥፋቷ አይደለም። እኔም ብያታለሁ። ታዲያ ለሷ የምትለውን ለራስህ አትልም? ዝናብ ነበር፣ መንገዱ አንሸራተተህ፣ በቃ... እሷ እዚህ፣ አንተ እዚያ፣ ሁለታችሁም ‹ተቀይሞኛል፣ ተቀይማኛለች› እያላችሁ ስትሸሻሹ ዕድሜ ሄደ። አንተ ደውለህ ስለ ብርዱና ስለ ፀሐዩ ታወራታለህ፣ እሷ «ሥራ በዝቶበት ነው የማይመጣው» ትለናለች።

— ...አልቅስ፣ ግድ የለም። አልዘጋውም።

— ምን አልክ?... ቆይ ልጠይቃቸው። ጋሼ፣ ይሄኛው ለጥቂት ቀን ቢቆይ ሥራዎ ይበላሻል?... ሌሎቹን ቀብተው ይሄን መጨረሻ ያደርጉታል። ግን ለማቃናት የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ብረቱ ሲግል ለብቻ አይሆንም አሉ።

— አንተ ትይዛለህ?... እሺ። እሺ ወንድሜ። እማዬ፣ እመጣለሁ እያለ ነው። ይቃና ብሏል፣ እሱ ራሱ ይይዛል... ሻርፗን እያስተካከለች ነው።

— ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ ና፣ መናኸሪያ እቀበልሃለሁ... በምን?... ከዚያ ወዲህ እኮ መሪ ጨብጠህ አታውቅም... የሚስትህን መኪና? እሷስ?... አጠገብህ ከተቀመጠች ጥሩ። እርግጠኛ ነህ ግን?

— ቆይ እንግዲህ... እማዬ፣ መኪና እየነዳ ነው የሚመጣው።

— ሄሎ? ሰማሃት?... «ቀስ ብሎ ይምጣ፣ እኔ እንደሆነ እጠብቀዋለሁ» ብላለች።

— እሺ። ቻው ወንድሜ።