አባቴን የፈተንኩበት ቃል

አባቴን በአንድ ቃል ፈትኜው አውቃለሁ። ወታደር ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበተን በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገረ ተባለ፣ ከዚያ ወሬው ጠፋ። ከዓመታት በኋላ አንድ የሞያሌ ደላላ፣ "አባትህ ነኝ የሚል ሰው መጥቷል" ብሎ ላከብኝ። ለእናቴ ሳልነግር ከነገሌ ተነሳሁ። አስመሳይ ቢሆንስ? መልኩን አላስታውስም፤ ልጅ ሆኜ የሰማሁት አነጋገሩ ብቻ ነው የቀረኝ። ሰው ሁሉ "የጭነት መኪና" ሲል እሱ "ካሚዮን" ይል ነበር። ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ ቃል ነው፤ ዛሬ ከሽማግሌዎች በቀር የሚለው የለም። በዚህ ልለየው ቆረጥኩ።

ደላላው ኬላው አጠገብ አገናኘን። ሰውየው ሸብቷል። የቆመ የጭነት መኪና አሳየሁትና፣ "ይሄን እርስዎ ምን ይሉታል?" አልኩ። "ሎሪ" አለኝ። ካሚዮን አላለም። ደላላው፣ "አካም! እንዴት ነው ነገሩ? እናንተ ነገሌ ላይ አባት በፈተና ነው እንዴ የሚገኘው?" ብሎ ሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም፤ አተኩሮ አየኝ። "ካሚዮን እንድልልህ ነው? እዚያ ማዶ፣ ኬንያ፣ ቃሉ የሚገባው ሰው ሳጣ ተውኩት እኮ፤ እነሱ ሎሪ ነው የሚሉት። ካሚዮኑ ላይ ካላሳፈርከኝ እያልክ ስታስቸግረኝ አልነበር?" "አባዬ" ልለው ስል ቀደመኝ። "እናትህ... ባል አገባች?" "አላገባችም" አልኩት። እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለ።